የተላላኪው ጭላጭ

ዴሎ የሚሠራው ከመርከቢቱ ሆድ ውስጥ ነው። ላይ ላዩን ፀሐይ አለ፣ መዋኛ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ በባዶ እግሩ የሚንጎራደድ ቱሪስት አለ። ታች፣ ከውሃው ልክ በታች፣ ዴሎና ጣሳዎቹ አሉ። "ሎሬና" በምትባለው የመዝናኛ መርከብ ላይ የመጠጥ መጋዘን ኃላፊ ነው። ኃላፊ ይበሉት እንጂ ተሸካሚውም፣ ደርዳሪውም፣ ቁልፍ ያዡም እሱው ነው። የመዝገብ ስሙ ሮዴሊዮ ነው፤ እኛ መርከቢቱ ላይ ያለን የፊሊፒንስ፣ የባታንጋስ ልጆች ግን ስም ማሳጠር ስለምንወድ ዴሎ ሆኖ ቀርቷል።

አንድ ነገር ይችልበታል። ዓይኑን አስጨፍናችሁ አንድ ጉንጭ ለስላሳ ብትሰጡት ከየትኛው ወደብ እንደተጫነ ይነግራችኋል። ውሸት እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ ስንቱ ተወራርዶ ተበልቷል። ስሙ አንድ፣ ጽሑፉ አንድ የሆነ ጣሳ፣ ማያሚ ሲጫን ሌላ ነው፣ ባርሴሎና ሲጫን ሌላ። የማያሚው በበቆሎ ስኳር የተሠራ ስለሆነ ምላስ ላይ ይቆያል። ከሜክሲኮ፣ ከኮዙሜል የሚመጣው የሸንኮራ ነው፤ ጣፍጦ ቶሎ ይሄዳል። የብርቱካኑ ለስላሳማ አይነሳ። የማያሚው ቀልቶ ሊነድ ይደርሳል፤ የባርሴሎናው ነጣ፣ ብጫ ብሎ ጭማቂ ጭማቂ ይላል።

ተሳፋሪ ይኼን ከየት ያውቃል። እሱ የሚያውቀው "ይኼ የእኔ አገሩ አይደለም" ማለትን ነው። የቴክሳሱ ሰውዬ የእስፔኑን ጣሳ ቀምሶ አበላሻችሁት ብሎ ይቆጣል፣ እስፔናዊው ደግሞ የቴክሳሱን ቀምሶ ፊቱን ያጨማድዳል። ከባሩ ቧንቧ የሚቀዳው ሽሮፑ ከካርቶን፣ ውሃው ከባሕር ተጣርቶ የመጣ ስለሆነ የማንም አገር አይደለም፤ የሎሬና ነው። ባሩ ላይ የምትቆመው ጃማይካዊቷ ሚስ ማርቫ ጠብ በተነሳ ቁጥር ወደ መጋዘን ትደውላለች። ከሊቨርፑል የመጣች ሴትዮ አኩርፋለች፣ ምን ልስጣት ትለዋለች። ዴሎ ትንሽ ያስብና የባርሴሎናውን ስጫት፣ በረዶ እንዳትጨምሪበት ይላታል። ሴትዮዋም ጠጥታ ታዲያ ነበራችሁ አይደል፣ ምን አስደበቃችሁ ትላለች። ሰውን በገዛ ምላሱ ሲያስታርቅ እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ሊቅነት ነው በገዛ የክርስትና አባቱ ላይ ሲደርስ ጉድ የሠራው።

የክርስትና አባቱ ማንግ ኢሲድሮ ይባላሉ፤ ዴሎ "ኒኖንግ" ነው የሚላቸው። የመርከቢቱ የልብስ ማጠቢያ አለቃ ናቸው። ከካፒቴኑ ነጭ ሸሚዝ እስከ ተሳፋሪው አንሶላ በእሳቸው እጅ ያላለፈ የለም። ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም። አንገትጌውን ሳይተኩስ የመጣ ሰው ካዩ ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሳቅበት ይውላል። ዴሎን ክርስትና ያነሱት፣ ትምህርት ቤት ያስገቡት፣ ጎርምሶ መንገድ ላይ መዋል ሲጀምር ጆሮውን ይዘው ባሕር ላይ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት በባሕር ላይ ኖረዋል፤ አላገቡም፣ አልወለዱም።

ኮንትራታቸው ሊያልቅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፣ ያውም የመጨረሻው ነው። መርከቢቱ ማያሚ ስትገባ ወርደው አገራቸው ይገባሉ፤ አይመለሱም። ስለዚህ አወራረድ ሁለት ዓመት ሙሉ አውርተው አሰልችተውናል። የስንቱን ጓደኛቸውን መውረድ አይተዋል፤ አንዱ ወገቡ ተቆርጦ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ሌላው በቃሬዛ፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይል። "እኔ በእግሬ ነው የምወርደው" ይላሉ። "ሻንጣዬን በራሴ እጅ ይዤ፣ ሸሚዜን ተኩሼ።" ሌላ የሚመኙት ነገር ሲሉ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም።

እና ታመሙ። መርከቢቱ ላይ ጉንፋን ገብቶ ግማሹን ሠራተኛ ሲያንገላታ እሳቸውን ጣላቸው። አምስት ቀን ለብቻቸው ተዘግተው ተኙ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ ሳሉ ለቀቃቸው፣ ሰው እንዲጠይቃቸውም ተፈቀደ፤ አፋቸው ግን ተዘጋ። ውሃ ሲሰጧቸው ከንፈር ነክተው ይመልሳሉ። የሩዝ ሾርባ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የመርከቢቱ ሐኪም፣ ዶክተር አንኬ የምትባል ረጅም ደቡብ አፍሪካዊት፣ ዴሎን ኮሪደር ላይ አስቁማ ነገሩን ሳትደባብቅ ነገረችው። በሽታው ሄዷል፣ ሰውየው ግን እየደረቁ ነው፤ በክንዳቸው የሚገባው ግሉኮስ ብቻውን አያቆማቸውም። ከነገ ወዲያ ጠዋት ኩራሳው ደሴት እንገባለን። እስከዚያ በአፋቸው ካልጠጡና በእግራቸው ካልቆሙ እዚያ ሆስፒታል አወርዳቸዋለሁ አለች።

የኩራሳው ሆስፒታል ምን ይወጣለታል። ግን መርከቢቱ የምትቆየው አንድ ቀን ነው። እሳቸውን በቃሬዛ አውርዳ ትሄዳለች፤ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ብቻቸውን ይተኛሉ። ዴሎ ይኼን አሰበ። "እሺ ዶክተር፣ ይጠጣሉ" አላት። ምን እንደሚያጠጣቸው እርግጠኛ ስለነበረ ነው።

እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ምን እንደሚጠጣ ምርምር አያስፈልገውም። ሮያል ነው። የብርቱካን ለስላሳ፣ ከጨው ብስኩት ጋር። ሐኪም አላዘዘው፣ ቄስ አልባረከው፤ ግን ትኩሳት የያዘው ልጅ ትራሱ አጠገብ ሮያል ካላየ መታመሙንም አያምን። ዴሎ ራሱ በሰባት ዓመቱ ኩፍኝ ይዞት ሲተኛ ያመጡለት ሮያል እስከዛሬ አፉ ላይ አለ፤ ሙሉ ጠርሙስ፣ ላብ ያሰመጠው፣ ጋዙ አፍንጫ የሚነዝር።

መርከቢቱ ላይ ሮያል የለም። የብርቱካን ለስላሳ ግን ከሦስት አገር አለ፤ ዴሎም ምላስ አለው። አንዱ ባይሆን አንዱ ይገጥማል ብሎ ተነሳ።

በመጀመሪያ የባሩን ይዞ ሄደ፤ የሽሮፑ ካርቶን የማያሚ ነው። ሚስ ማርቫ ለታማሚው ብላ በረጅም ብርጭቆ፣ በበረዶ፣ ከብርቱካን ቁራጭ ጋር አሳምራ ሠራችው፤ ትንሽ የወረቀት ጃንጥላም ሰካችበት። ማንግ ኢሲድሮ ጃንጥላውን ለረጅም ጊዜ አዩት። "ዝናብ አለ እንዴ ውጭ?" አሉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉና ብርጭቆውን መለሱለት። ይኼ ቀለም ነው፣ ቤት ቀባበት አሉት።

ቀጥሎ የባርሴሎናውን አመጣ። ይኼ ደግሞ ጭማቂ ነው፣ ጤነኛ ሰው የሚጠጣው ነው ተባለ። ሦስተኛው ከኮዙሜል የመጣ ነበር፣ በጠርሙስ፣ የሸንኮራ ስኳር ያለው። ዴሎ ተስፋው ሁሉ እሱ ላይ ነበር። ሽማግሌው አፋቸው ውስጥ አቆዩት፣ ዋጡት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። 

"አይደለም" አሉ በመጨረሻ።

"ምኑ ነው የጎደለው፣ ኒኖንግ?"

"እኔ እንጃ ልጄ። አፌ ነው የሚያውቀው፤ እኔ አላውቀውም።"

ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። እኒያ ሰው ሁሉ የሚሳሳላቸው ተረበኛ፣ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ዴሎ ጠርሙሱን ይዞ ወጣ፤ ምላሱ አሳፈረው።

ወሬው የሠራተኛው ምግብ ቤት ሲደርስ ሁሉም ሐኪም ሆነ። ሕንዳዊው የጎዋው ወጥ ሠሪ ሎሚ፣ ጨውና ሶዳ ካልሆነ የሰው ጉሮሮ አይከፈትም አለ። አንድ የፔሩ ልጅ የእኛን አገር ብጫውን ለስላሳ ስጧቸው፣ ሽታው ብቻ ሙት ያስነሳል አለ፤ ሽታው የማስቲካ እንደሆነ ሁላችንም ስለምናውቅ ተሳቀበት። ሚስ ማርቫ ጠረጴዛውን መታ አድርጋ፣ ለታመመ ሰው ዝንጅብል ነው፣ ብርቱካን የልደት ነው፣ እናንተ ፊሊፒኖች ልጅ ስትሆኑ ያጠጧችሁን እስከ እርጅና ትፈልጋላችሁ አለች። ክርክሩ ወደ አገር ጠብ ሊሄድ ሲል ዴሎ ተነሳ። የሰው አገር መጠጥ ምን ያደርግልኛል፣ ሮያልን ራሴ እሠራዋለሁ ብሎ ወደ መጋዘኑ ወረደ።

በማግስቱ ከቁርስ በኋላ እስከ ምሳ ሲለካና ሲቀይጥ ቆየ። ሁለት እጅ የኮዙሜሉን፣ ለቀለም አንድ እጅ የማያሚውን፣ ከወጥ ቤት ለምኖ ያመጣውን የትንሿን የአገራችንን ሎሚ ሦስት ጠብታ። ቀመሰ፣ ደፋ፣ እንደገና ቀየጠ። ሰባተኛውን ቀምሶ የጣሳ ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ሰባት ዓመቱ መጣበት፣ ኩፍኙ፣ የእናቱ እጅ፣ ላብ ያሰመጠው ጠርሙስ። "ይኼ ነው" አለ ብቻውን። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ይኼን ራሱ ነው የነገረኝ። በጠርሙስ ሞልቶ፣ በረዶ ውስጥ ቀብሮ አቀዘቀዘውና እየሮጠ ወደ ክሊኒክ ወጣ።

ማንግ ኢሲድሮ ከፊቱ የሆነውን ሁሉ አነበቡ። ልጁ ደክሟል፣ ልጁ ተስፋ አድርጓል። እሱን ብለው ሁለት ጊዜ ተጎነጩ፤ ሦስተኛውን ሞከሩና አልወርድ አላቸው። "በጣም ይጣፍጣል፣ ዴሎዬ" አሉት። "ግን ለእኔ አይደለም። አንተው ጠጣው፣ እንዳይባክን።" በር ላይ ቆማ የነበረችው ዶክተር አንኬ የሆስፒታል ማውረጃ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ኩራሳው ነገ ጠዋት ነው።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው። ሰውየው ምን እንደጎደላቸው አያውቁም፣ ፈላጊው የት እንደሚፈልግ አያውቅም። ዴሎ ለሠራተኛ ወደተፈቀደው የመርከቧ ጀርባ ወጥቶ ባሕሩን እያየ ቆመ። እየመሸ ነበር፤ ባታንጋስ ደግሞ ሊነጋ ነው። ናና ሶሌ ትዝ አሉት፣ የማንግ ኢሲድሮ እህት። ዓሣ ስለሚነግዱ ከዶሮ ቀድመው ይነሳሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብሎ ደወለላቸው።

ናና ሶሌ ስለ ወንድማቸው ሰምተው መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥለው ተቆጡ፣ በመጨረሻ ምን እያጠጣኸው ነው ብለው ጠየቁ። ዴሎ አንድ በአንድ ተናገረ፤ የባሩን፣ የባርሴሎናውን፣ የኮዙሜሉን፣ የሰባተኛውን ቅይጥ፣ በረዶ ውስጥ መቀበሩን።  ከወዲያ ማዶ ሳቅ መጣ፤ ሳቁ ሳል እስኪሆን ሳቁ።

"ሙሉ ሮያል? ቀዝቃዛ? ለኢሲድሮ?" አሉ። "አንተ ልጅ፣ እሱ በሕይወቱ ሙሉውን ጠጥቶ አያውቅም እኮ።"

ነገሩን ያጫወቱት ዓሣቸውን እያጠቡ ነው፤ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ሰባት ልጆች ነበሩ፣ ኢሲድሮ በኩር ነው። አንዱ ሲታመም እናታቸው ሳንቲም ከመሀረቧ ፈታ ኢሲድሮን ትልከዋለች። ባለ ሱቋ ጠርሙሷን አትለቅም፣ ለማንም። ሮያሉን ላስቲክ ውስጥ ገልብጣ ስትሮ ሰክታ ትሰጠዋለች። ላስቲኩን አንገቱን ይዞ፣ እንዳይፈስበት በሁለት እጁ አቅፎ ይመጣል። ቤት ሲደርስ ሞቋል። የታመመው ብስኩቱን እየነከሰ ቀኑን ሙሉ ይስበዋል፤ ጋዙ ይሄዳል፣ ፍርፋሪው በስትሮው እየወረደ ታች ይጠራቀማል። ታናናሾቹ አልጋውን ከበው አንዳንድ ጊዜ ይቀምሳሉ። ላስቲኩ ሥር አንድ ጣት ያህል ሲቀር እናታቸው ትነጥቃቸዋለች። ጭላጩ የተላላኪው ነው ትላለች፤ የቤቱ ሕግ ነው።

ዴሎ ጠየቃቸው። "እሳቸው ራሳቸው ሲታመሙስ?"

"እሱ ከታመመ ማን ይላካል?" አሉ ናና ሶሌ።

ውሃው ቆመ። ከዚያ ዝግ ብለው አንድ ነገር ጨመሩ። አንተ ሙሉ ጠርሙስ እየጠጣህ ያደግኸው ለምን ይመስልሃል አሉት። ኢሲድሮ ገና የመጀመሪያው መርከብ ላይ እንደተሳፈረ ለባለ ሱቋ ደብዳቤ ጻፈላት፤ ዴሎ ሲታመም ሙሉውን፣ ከነጠርሙሱ፣ ቀዝቅዞ፣ ማንም እንዳይነካበት። ዴሎ ስልኩን ዘግቶ የመርከቧን መደገፊያ ብረት ይዞ ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈልገው የነበረው የራሱን ጣዕም ነበር። ያንን ጣዕም የሰጡት እኒያ ታች የተኙት ሰውዬ ናቸው፣ እሳቸው ግን አያውቁትም። እንዲህ ያለ ሞኝ አለ?

ወደ መጋዘን ወረደና ከመደርደሪያ አንድ ጣሳ አነሳ፤ የማያሚውን፣ ያልቀዘቀዘውን፣ እጁ የደረሰበትን። ከወጥ ቤት ላስቲክ፣ ከማርቫ ስትሮ ወሰደ፣ የጨው ብስኩት ኪሱ ከተተ። ክሊኒኩ ገብቶ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ሳበ። ለስላሳውን ላስቲኩ ውስጥ ገለበጠ። ከዚያ ስትሮውን ወደ ገዛ አፉ ከተተ።

ማንግ ኢሲድሮ አንገታቸውን አዞሩ። ለእኔ ያመጣኸው መስሎኝ አሉ።

"እኔ አሞኛል ኒኖንግ" አለ ዴሎ። ብስኩት ገምጦ፣ እያኘከ፣ እንደገና ሳበ። "ሆዴን ባር ባር ይለኛል።"

 የሽማግሌው ዓይን ላስቲኩ ላይ ነበር። ብርቱካኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ዓይናቸውም አብሮ ዝቅ ይላል። ዴሎ ሆን ብሎ ተንቀራፈፈ፤ ይነክሳል፣ ይስባል፣ ይተነፍሳል። ግማሽ ሆነ፣ ሩብ ሆነ፣ ፍርፋሪው ታች መዋኘት ጀመረ። አንድ ጣት ሲቀር ከብርድ ልብሱ ሥር የቀጠነ እጅ ወጣና ላስቲኩን ያዘ።

"በቃህ። የእኔ ነው" አሉ።

ሳቡት። ላስቲኩ ድምፅ እስኪያወጣ ሳቡት፤ ጉሮሯቸው ሲወርድ ታየ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ፣ ከንፈራቸው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በምላሳቸው ለቀሙት። "ይኼ ነው" አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ከየት አገኘኸው አሉት።

"የማያሚው ነው ኒኖንግ። ቤት ቀባበት ያሉኝ።"

ሳቁ። ከስምንት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር፤ ሳቁ አድክሟቸው ትራሱ ላይ ተመለሱና ሌላ አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

ጭላጭ በጭላጭ ሰው እስኪጠግብ ቀላል አይደለም። አራተኛው ላስቲክ ላይ ዴሎ ሆዱ ተነፍቶ በእውነት ታመመ። ወደ ባሩ ደውሎ ማርቫን ድረሽልኝ አላት። ማርቫ የአገሯን የዝንጅብል ለስላሳ ይዛ መጥታ፣ ቁጭ ብላ ጠጥታ፣ አንድ ጣት አስተረፈችላቸው። ዶክተሯም ታማሚው ከእነሱ በኋላ እስከጠጣ ድረስ ግድ የለኝም አለች። ከዚያማ ሰልፍ ሆነ። የጎዋው ሰው ሎሚና ጨውን፣ የፔሩ ልጅ ብጫውን፣ እኔም የድርሻዬን። እያንዳንዱ ጠጥቶ ሥሩን ለእሳቸው ይተዋል፤ እሳቸውም አንድ በአንድ ፍርድ ይሰጣሉ። የጎዋው ከባሕር የተቀዳ ነው አሉ፣ የፔሩው ጫማ ማጣበቂያ ነው አሉ፣ የማርቫን ግን ሁለት ጊዜ አስደገሙ። በመጨረሻ ዶክተር አንኬ ወጥታ ከራሷ ክፍል አረንጓዴ ለስላሳ ይዛ ተመለሰች። አረንጓዴ! እኛ አገር ይኼ ነው አለች፣ ትንሽ አፍራ። ቆማ ጠጥታ ጣሳውን ሰጠቻቸው። ማንግ ኢሲድሮ ወደ ውስጥ አዩና ሐኪም የሰጠኝን አልመልስም ብለው ጨለጡት።

በማግስቱ ጠዋት ኩራሳው ስንገባ የሩዝ ሾርባቸውን ጨርሰው፣ የአልጋውን ብረት ይዘው ቆሙ። ዶክተሯ ሦስት እርምጃ ጠየቀቻቸው፤ አሥር ሄደው፣ ያንቺ ነጭ ካፖርት አተኳኮሱ ያሳፍራል፣ ላኪልኝ አሏት። ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

ማያሚ የገባን ቀን ማለዳ ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ራሳቸው ተኩሰው፣ ሻንጣቸውን በራሳቸው እጅ ይዘው መውረጃው ጋ መጡ። ዴሎ እየጠበቃቸው ነበር። ሠራተኛውን ወደ አየር ማረፊያ የሚያመላልሰው ሾፌር የአገራችን ሰው ነው፤ ዴሎ በስልክ ለምኖት ከእኛ ሰዎች ሱቅ እውነተኛ ሮያል አምጥቶለታል። ሙሉ ጣሳ፣ ቀዝቃዛ፣ ላብ ያሰመጠው። በሁለት እጁ ሰጣቸው።

"ይኼኛው ከላይ ነው የሚጀመረው፣ ኒኖንግ" አላቸው። "ሙሉው የእርስዎ ነው።"

ማንግ ኢሲድሮ ጣሳውን እያገላበጡ አዩት። ናና ሶሌ ነገረችህ ማለት ነው አሉ፣ ቅር ያላቸውም ደስ ያላቸውም መሰሉ። ሻንጣቸውን አስቀመጡ። ከኪሳቸው ብስኩት አወጡና ገመጡ፣ ጣሳውን ከፈቱ፣ ጠጡ። በስልሳ አራት ዓመታቸው ከሙሉ ሮያል የመጀመሪያውን ጉንጭ ጠጡ። ጋዙ አፍንጫቸውን ነዘራቸውና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ለካ እንዲህ ያቃጥላል አሉ፣ ዓይናቸውን በተተኮሰው እጅጌ እየጠረጉ። ቸኩለው አልጠጡም። እየነከሱ፣ እየጠጡ፣ ባሕሩን እያዩ፣ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ክላክስ እስኪነፋ ቆዩ። ከኋላ ሰው ቆሞ ነበር፤ ማንም ቶሎ በሉ አላላቸውም።

ከዚያ ጣሳውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ውስጥ ተመለከቱና አቆሙ። ለዴሎ ዘረጉለት።

"ያዝ" አሉት። "ጭላጩ የተላላኪው ነው።"

ሻንጣቸውን አነሱና ወረዱ፤ ቀስ ብለው፣ የመውረጃውን መደገፊያ ሳይይዙ፣ በእግራቸው። ታች ደርሰው አልዞሩም፤ ቢዞሩ ማልቀሳቸውን እናያለን ብለው ነው። ዴሎ መኪናው እስኪሰወር ቆሞ ቆየ። እሱም እያለቀሰ ነበር፣ አልደበቀውም። ከዚያ ጣሳውን አፉ ላይ ደፋው። ሞቋል፣ ጋዙ ሄዷል፣ ፍርፋሪ አለበት። እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣው።